ቁልፉን ከመግዛትዎ በፊት ቆጣሪውን ያንብቡ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሺንቢጥ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በግቢዬ ያሉትን ሦስት ቤቶች አከራይቼ በኪራዩና በጡረታዬ እተዳደራለሁ። አራታችንም ቤቶች የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው፤ የውኃ ክፍያው ሲመጣ ለአራት እናካፍለዋለን። ከዚህ በፊት ደረሰኙ ላይ የሚወጣው በወር 15 ሜትር ኪዩብ አካባቢ ነበር። የመጋቢቱ 30፣ የሚያዝያው ደግሞ 31 ሆኖ መጣ፤ ክፍያውም ከእጥፍ አለፈ። አንዷ ተከራዬ ብቻዋን የምትኖር ነርስ ናት፤ ጋውኗን በየቀኑ ታጥባለች። ሁለተኛዎቹ ባልና ሚስት ሕፃን ስላላቸው ገመዱ ላይ ልብስ ጠፍቶ አያውቅም። ሦስተኛው ቤት አራት ተማሪዎች አሉ። እኔ አንድ ራሴን ነኝ፤ ምን ያህል ውኃ እጠቀማለሁ? በዚህ የተነሳ ከሰው ጋር መኮራረፍ ጀምሬያለሁ። የግቢውን ቧንቧ በቁልፍ ዘግቼ ጠዋትና ማታ ብቻ ልከፍተው፣ ልብሳቸውንም ጣና ወርደው እንዲያጥቡ ልነግራቸው አስቤአለሁ። ልጄ ግን “መጀመሪያ ሰው አማክሪ” አለችኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው በእኔ ደረሰ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የግቢው እናት፣ ከሺንቢጥ»

ውድ እናታችን፣

ልጅዎ መልካም መክራለች። ቁልፉን ገና ካልገዙት አይግዙት። ይህን የምልዎት ለተከራዮቹ ስላዘንሁ ብቻ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ የጻፉልን ቁጥር ተከራዮቹን ነጻ ስለሚያወጣቸው ነው።

ቁጥሩን አብረን እንመልከተው። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። በየቤታችን ባለው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሰፈር 50 ጄሪካን ይሆናል። ፍጆታዎ ከ15 ወደ 31 ሲያድግ የጨመረው 16 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ይህም 800 ጄሪካን ማለት ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በየቀኑ ከ26 ጄሪካን በላይ ይደርሳል። አሁን ነርሷን ያስቧት። አንድ ጋውን ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ሁለት ጊዜ ብታለቀልቅ ሁለት ጄሪካን አትጨርስም። የሕፃኑም ልብስ ቢበዛ ቢበዛ ሦስት አራት ጄሪካን ቢወስድ ነው። ደግሞስ ነርሷ ግቢዎ የገባችው፣ ሕፃኑም የተወለደው በመጋቢት ካልሆነ፣ እነርሱ እያሉም እኮ ደረሰኙ 15 ይል ነበር። በየቀኑ 26 ጄሪካን ተጨማሪ ውኃ የሚቀዳ ሰው በግቢዎ ቢኖር ኖሮ ከቧንቧው ሥር ሳይነሳ ሲውል ያዩት ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ውኃ ማን ወሰደው? የእኔ ጥርጣሬ ሰው ላይ ሳይሆን ቧንቧው ላይ ነው። 16,000 ሊትር በወር ለማፍሰስ ትልቅ ስብራት አያስፈልግም። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የሚሞላ ቀጭን ፍሰት ይበቃል። ይህን የሚያህል ፍሰት ድምፁ እንዲሁ በጆሮ አይሰማም። ሰው ቀን ቀድቶ ማታ ይተኛል፤ ያፈሰሰ ቧንቧ ግን ሌሊቱንም፣ እሑዱንም፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን የሚቆዩበትን ሰዓትም አይዘልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያዝያውን ደረሰኝ ይዘው ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ክዳኑን ከፍተው መስታወቱን በጨርቅ ይጥረጉት። በአብዛኞቹ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ አኀዞች ሙሉ ሜትር ኪዩቡን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከአንድ ሜትር ኪዩብ የሚያንሰውን ይናገራሉ። አጠገባቸው ያለች ትንሽ ጎማ መሳይ መዘውር ጥቂት ውኃ እንኳን ሲያልፍ ትዞራለች። ደረሰኙ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ። ቆጣሪው ላይ ዛሬ የሚያዩት ቁጥር ከደረሰኙ የአሁን ንባብ ካነሰ፣ ወይ ተሳስቶ ተነብቧል፣ ወይም አንባቢው በሩ ተዘግቶበት በግምት መዝግቦ ሄዷል። እንዲህ ከሆነ የቆጣሪውን ፎቶ በስልክ አንስተው፣ ደረሰኙን ይዘው ወደ ውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ይሂዱ፤ ሌላው ምርመራ ይቆይ።

የቆጣሪው ቁጥር ከደረሰኙ ካላነሰ ወደ ሌሊቱ ፈተና ይለፉ። ይህን ፈተና ከሁሉም በላይ አምነዋለሁ፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ማንንም አይወነጅልም። ተከራዮቹን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለሌሊት የሚያስፈልጋቸውን ውኃ በባልዲ ይቅዱ። መስመሩ ላይ ውኃ ያለበትን ሌሊት ይምረጡ። ሰፈሩ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ውኃ በሌለበት ሌሊት ቆጣሪው ቢቆም ምንም አይነግርዎትም። ሮቶ ካለዎት ወደ ሮቶው የሚገባውን መስመር ይዝጉ። ሁሉም ከተኛ በኋላ ቀዮቹን አኀዞች ሳይቀሩ ፎቶ ያንሱ። ንጋት ላይ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት እንደገና ያንሱ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ማፍሰሻ፣ ማለትም ውኃው ሾልኮ የሚፈስበት ቦታ መኖሩ ተረጋግጧል። ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ በሚቀጥለው ሌሊት ሮቶው እስከ አፉ ከሞላ በኋላ መስመሩን ክፍት ትተው ይድገሙት። ያን ጊዜ ቢንቀሳቀስ ጥፋቱ ሮቶው ላይ ወይም ከሮቶው ውኃ በሚያገኘው መስመር ላይ ነው።

ሮቶውን ለይቼ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቀን ቀን ሰው ሁሉ ሲቀዳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሌሊት ከተማው ሲተኛ ውኃው በኃይል ይመጣል። ሮቶው ሲሞላ መስመሩን መዝጋት ያለበት ተንሳፋፊ ካረጀ ወይም ደለል ከያዘው ውኃው በትርፍ ማስወገጃው በኩል ወደ ጓሮ ይፈስሳል፤ ሲነጋ መሬቱ ጠጥቶት ይደርሳል። መቆሚያውን ዞር ብለው ይመልከቱ። ከሮቶው ጎን ቁልቁል የወረደ አረንጓዴ መስመር፣ ወይም ከሥሩ በግንቦት ፀሐይ ያልደረቀ ጭቃ ካለ ሌባው ተገኝቷል። ተንሳፋፊውን መቀየር ለአንድ ቧንቧ ሠራተኛ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መጸዳጃ ቤት ነው። ከመቀመጫው በስተኋላ ያለው የውኃ ሳጥን ሥሩ ላይ ያለች ጎማ ስታልቅ ውኃው በሳህኑ ግድግዳ ላይ እንደ ላብ እየወረደ ይሄዳል፤ ዓይን ገብቶ ካላየው አይታወቅም። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውኃ አንድ ብርጭቆ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምሩና ሳይለቁት ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ከቀላ ጎማዋ መቀየር አለባት። ይህን የእርስዎን ጨምሮ እንዲህ ያለ መጸዳጃ ባለበት ቤት ሁሉ ያድርጉት።

ሮቶውም መጸዳጃውም ንጹሕ ሆነው ቆጣሪው ሌሊት የሚዞር ከሆነ ችግሩ ከመሬት በታች ነው። ያረጀ የብረት ቧንቧ ከውስጥ ዝጎ ይበሳል። ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ ደግሞ መሬቱ ክረምት እያበጠ፣ በጋ እየተሰነጠቀ መጋጠሚያውን ያላቅቃል። ከቆጣሪው ጀምረው መስመሩ በሚያልፍበት ላይ ይራመዱ። ሌላው ደርቆ ሳለ ለብቻው የለመለመ ሣር ወይም ስትረግጪኝ እሰምጣለሁ የሚል አፈር ይፈልጉ። አንዳንድ ቧንቧ ሠራተኞች የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚያፈሰውን ቦታ በድምፁ ያገኙታል። እባክዎን ይህን ሰኔ ሳይገባ ያስጨርሱ። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ መሬቱ ሁሉ ስለሚርስ ምልክቱ ይጠፋል፤ እስከ መስከረም ድረስም በየወሩ ሲከፍሉ ይቆያሉ።

ክፍያው ከፍጆታው በላይ ለምን እንደዘለለ ልንገርዎት። የከተሞቻችን የውኃ ታሪፍ በደረጃ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኪዩቦች በርካሽ ይሰላሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው እየጨመረ ይሄዳል። የፈሰሰው ውኃ የሚሰላው በላይኛው፣ በውዱ ደረጃ ነው። አራት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙም ደረጃውን አብረው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ አብዛኛው ውኃችሁ በርካሹ ደረጃ ይሰላ ነበር። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሲሄዱ ለተጨማሪ ቆጣሪ ማመልከት ይቻል እንደሆነና ምን እንደሚያስከፍል ይጠይቁ። ይህ ካልሆነ በየቤቱ መግቢያ ላይ የውስጥ ቆጣሪ ማስገጠም ይቻላል፤ ታሪፉን ባይቀንስም ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ስለሚያሳይ ጥርጣሬን ያስቀራል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከክፍያው ይልቅ ያሳሰበኝ ኩርፊያው ነው። ለአራት ማካፈሉ ትክክል አይደለም። በግቢዎ ዘጠኝ ሰው አለ። አራቱ ተማሪዎች ሩብ ይከፍላሉ፤ እርስዎም ብቻዎን ሆነው ሩብ ይከፍላሉ። የጠረጠሯት ነርስም እንደ እርስዎ ብቻዋን ሆና ሩቡን ስትከፍል የኖረች ናት። በሰው ቁጥር ቢካፈል የእርስዎም የእርሷም ድርሻ ከዘጠኝ አንድ ይሆናል። ሕፃኑን እንደ ሙሉ ሰው ወይም እንደ ግማሽ ሰው መቁጠር ተነጋግረው የሚስማሙበት ነገር ነው። ተማሪዎቹ ላይ ግን በአንድ ጊዜ እንዳይከብድ ከሚመጣው ወር ጀምሮ እንደሆነ ቀድመው ይንገሯቸው።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ አይቀየሙኝ። ማፍሰሻው ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ከተገኘ ቧንቧው የእርስዎ ንብረት ነው። ተከራዮቹ ያልተጠቀሙበትን፣ መሬት የጠጣውን ውኃ መክፈል የለባቸውም። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የሁለቱን ወር ትርፍ በሙሉ ባይችሉ እንኳን «ይህ የእኔ ቧንቧ ጥፋት ነው፤ እንዴት እንቻቻል?» ብለው ቢጀምሩት፣ የሚያከብሩዎት ሰዎች ከሆኑ ያግዙዎታል። እሑድ ቡና አፍልተው ይጥሯቸው። ደረሰኞቹንና የሌሊቱን ሁለት ፎቶዎች ያሳዩአቸው። ለነርሷ ለብቻዋ ጥርጣሬዎ ልክ እንዳልነበረ ይንገሯት፤ አፍ አውጥተው ባይናገሩም ፊትዎ ነግሯት ይሆናልና።

ቁልፉን በተመለከተ ደግሞ፣ ቧንቧ ሲቆለፍ ሰው አይቆጥብም፤ ያከማቻል። ያለውን ዕቃ ሁሉ ሞልቶ ያድራል፣ በማግስቱ «ያደረ ነው» ብሎ ደፍቶ እንደገና ይሞላል። ሳይከደን የቆየ ውኃ ትንኝ ያራባል። ሕፃን ያለበት ቤት እጅ መታጠቢያ ውኃ በሰዓት ሲገደብ የሚመጣው በሽታ ከውኃ ክፍያ የበለጠ ያስወጣል።

ልብሱን ጣና ማጠብ የሚለውን ግን ፈጽመው ይተዉት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ጥገኛው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይወጣል፤ እግሩን ነክሮ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሲገባ አያውቀውም፤ አንጀቱና ጉበቱ ሲታመም ነው የሚያውቀው። ለጥቂት ጄሪካን ብለን አንድ ወጣት ወደዚያ ልንሰድ አይገባም። ሐይቁ ደጃፋችን ስለሆነ ውኃ ርካሽ መሆን አለበት የሚለውም ሐሳብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከቧንቧችን የሚወርደው ከምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ ተስቦ፣ ክሎሪን ገብቶበት የመጣ ውኃ ነው። ደረሰኙ ላይ የምንከፍለው ለዚህ ድካም ነው።

ማፍሰሻው ከተደፈነ በኋላ ቁጠባውን ውኃ በብዛት ከሚሄድበት ይጀምሩ። ለመጠጥ፣ ለወጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ እዚያ ላይ አይሰስቱ። ጎመንና ሰላጣም ጥሬውን የሚበላ ከሆነ በደንብ ይታጠብ፤ ብቻ ከሚፈስ ቧንቧ ሥር ሳይሆን በሳፋ ውስጥ ደጋግመው ይጠቡት። ብዙ ውኃ የሚሄደው ወደ መጸዳጃ ቤትና ወደ ልብስ ማጠቢያው ነው። በመጸዳጃው ሳጥን ውስጥ ጠጠርና ውኃ የተሞላ፣ ክዳኑ የጠበቀ ባለ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ተንሳፋፊውን በማይነካበት በኩል ያስቀምጡ፤ በለቀቁ ቁጥር አንድ ሊትር ይተርፍልዎታል። ዘጠኝ ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ ቢጠቀም 36 ሊትር፣ በወር ከአንድ ሜትር ኪዩብ በላይ ይሆናል። ጡብ ግን አያስገቡ፤ እየተፈረፈረ ጎማዋን ያበላሻል።

ልብስ ሲታጠብ ቧንቧው ክፍት ሆኖ መቆየት የለበትም። ሁለት ሳፋ ይበቃል፤ አንዱ ለማሸት፣ አንዱ ለማለቅለቅ። ነጩ ይቅደም፣ ጥቁሩ ይከተል። የነጩ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ለጥቁሩ መዘፍዘፊያ ይሆናል፤ ከዚያ የቀረው መጸዳጃ ቤት ይደፋል ወይም በረንዳ ይታጠብበታል። በረኪና ያልገባበት ከሆነ የማንጎውና የጌሾው ሥርም አይጠላውም። ተክል የሚጠጣው ፀሐይ ከወደቀች በኋላ ይሁን፤ በባሕር ዳር የቀን ሐሩር ካጠጡት ውኃ ብዙው ሥሩ ሳይደርስ ሊተን ይችላል። ሻወር በደቂቃ ስምንት አሥር ሊትር ሊያፈስ ስለሚችል ተማሪዎቹ ሳሙና ሲቀቡ ይዝጉት፤ በባልዲና በጆግ የሚታጠብ ሰው ግን ድሮም ቆጣቢ ነው፣ እርሱን አይንኩት።

ክረምቱ ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 600 ሊትር ይሆናል፤ የሚረጨውንና የሚባክነውን ቀንሰን 500 እንበለው፣ 25 ጄሪካን ነው። በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ ያለ ዝናብ ብርቅ አይደለም። አሸንዳውን አሁን ያስጠርጉ፤ የተቀደደው ይበየድ፤ ከመውረጃው ሥር በርሜል ይቀመጥ፣ አፉም በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ስለሚወርዱ ይፍሰሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሁን፤ ለመጠጥ የቧንቧውን ይጠቀሙ።

በመጨረሻ ስለ ሚያዝያው ክፍያ። ክርክር አለብኝ ብለው ሳይከፍሉ አይቆዩ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ማስቀጠያውም ወጪ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ሥራውን እንደጨረሰ የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ደረሰኝ ይቀበሉ፣ የሌሊቱንም ፈተና አንድ ጊዜ ይድገሙት። ፎቶዎቹንና ደረሰኙን ከማመልከቻ ጋር አያይዘው፣ ማፍሰሻው መጠገኑን ገልጸው፣ ዕዳው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተው ቤትዎ ያስቀምጡት።

አክባሪዎ፣
የዓምዱ አዘጋጅ